ሦስት ዘንግና ዘጠኝ ገመድ



ሦስት ቀጫጭን እንጨቶች ውሰዱ። እርስ በርሳቸው ሳይነካኩ፣ ምስማር ሳይመታባቸው፣ ጉድጓድ ሳይቆፈርላቸው አብረው እንዲቆሙ አድርጉ ብንላችሁ ምን ትላላችሁ? «ይህማ የማይሆን ነገር ነው» ሳትሉ አትቀሩም። ነገር ግን ይሆናል። የሚፈለገው ገመድና ትዕግሥት ነው። ምትሐት የለበትም።

ነገሩ ሲያዩት የልጆች መጫወቻ ይመስላል። ከመጫወቻው ጀርባ ግን ቤታችሁን የሚመለከት ትምህርት አለ። ብርቱ ነፋስ ሲነሣ የአንዱ ሰው ቆርቆሮ ተገንጥሎ ሲበር፣ የጎረቤቱ ጣራ ሳይነቃነቅ የሚያድረው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ያዙት። ሦስቱን ዘንጎች ከሠራን በኋላ እንመለስበታለን።

መጫንና መወጠር

በመጀመሪያ ሁለት ቃላት እንማር። አንደኛው መጫን ነው። ሁለተኛው መወጠር ነው።

አንድን ነገር ከሁለት ጫፉ ይዘን ወደ መሐሉ ስንገፋው ተጫነ እንላለን። ከሁለት ጫፉ ይዘን ወደ ውጭ ስንስበው ተወጠረ እንላለን።

እስቲ አንድ ክንድ የሚሆን ገመድ ያዙና ከሁለት ወገን ሳቡት። ቀጥ ብሎ ይወጠራል። ጉልበታችሁን ይችላል። አሁን ደግሞ ወደ መሐሉ ግፉት። ምን ሆነ? ተጣጠፈ። ገመድ መወጠር እንጂ መጫን አይችልም።

አሁን ደግሞ እንደ አውራ ጣት የወፈረ አጭር እንጨት መሬት ላይ አቁሙና በመዳፋችሁ ጫኑት። ቀጥ ብሎ ይቆማል። እንጨት መጫንን ይችላል። ነገር ግን እንጨቱ በጣም ረዥምና ቀጭን ሲሆን መሐሉ ላይ ይጎብጣል። ይህን ለማየት አንድ የስንዴ አገዳ ከሁለት ጫፉ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ግፉ። ወዲያው ይጎብጥና ይሰበራል። እንግዲህ የሚጫን እንጨት አጠር፣ ወፈር ቢል ይሻላል። የሚወጠር ገመድ ግን ረዥምና ቀጭን ቢሆንም ሥራውን ይሠራል።

የዛሬው ትምህርታችን በአጭሩ ይህ ነው፦ እንጨትን አስጭኑ፤ ገመድን አስወጥሩ። ለእያንዳንዱ የሚችለውን ሥራ ስጡት።

በአካባቢያችሁ ያለውን ተመልከቱ

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን የከበቡ ከተሞች ናቸው። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ይገኛሉ። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በሦስቱም ዙሪያ ባሕር ዛፍ አለ። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በአዲስ አበባ አካባቢ እንጨት እየጠፋ በሄደ ጊዜ ነው። ዛሬም ቤቱ፣ አጥሩ፣ የሕንፃ ሠራተኛው መወጣጫ ሳይቀር ብዙ ጊዜ ከእሱ ይሠራል።

በእነዚህ አገሮች የሚኖር ሰው የተጫነና የተወጠረ ነገር በየቀኑ ያያል። ልብ ሳይለው ያልፈዋል እንጂ።

የጠፍር አልጋን ተመልከቱ። ጠፍሩ ርጥብ ሆኖ ይጠላለፋል። ሲደርቅ ይኮማተርና ይጠብቃል። ተኝታችሁ ስታድሩ የሚሸከማችሁ የተወጠረው ጠፍር ነው። ጠፍሩ የአልጋውን እንጨቶች ወደ ውስጥ ይስባል። እንጨቶቹም አንገባም ብለው ይመክታሉ።

የለቅሶ ወይም የሠርግ ድንኳን ሲተከል ተመልከቱ። ምሰሶው ወደ ታች ተጭኖ ይቆማል። አውታሮቹ በዙሪያው ተወጥረው በካስማ ይታሰራሉ። አውታሮቹን ብትፈቱ ምሰሶው ብቻውን ድንኳኑን አያቆመውም። ምሰሶውን ብታወጡ ደግሞ አውታሩ የሚወጥረው ነገር ያጣል።

ክራርን ተመልከቱ። ክሮቹ ሲጠብቁ ይወጠራሉ፤ ያን ጊዜ ድምፅ ይሰጣሉ። ክሮቹን ተሸክመው የሚጫኑት ግራና ቀኝ ያሉት እንጨቶች ናቸው።

የመብራት መስመር በሚታጠፍበት ቦታ ያለውንም እንጨት ተመልከቱ። ከጫፉ እስከ መሬት ድረስ አንድ የብረት ገመድ በሰያፍ ተወጥሮ ታገኛላችሁ። መስመሩ እንጨቱን ወደ አንድ ወገን ይስበዋል። የብረት ገመዱ ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ይስበዋል። እንጨቱ በመካከል ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ያንን ገመድ መፍታት ወይም ከብት ማሰር አይገባም። ገመዱ ቢላላ እንጨቱ ከነመስመሩ ይዘማል። ይህ ደግሞ ለሰው ሕይወት አደገኛ ነው።

ለሥራው የሚያስፈልገው

አሁን ወደ ሥራችን እንግባ። የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው።

ሦስት ደረቅና ቀጥ ያሉ ዘንጎች። ውፍረታቸው የጣት ያህል ይሁን። ርዝመታቸው እያንዳንዳቸው 30 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቢሆን ይበቃል።

ሦስት ሜትር ተኩል የሚሆን ጠንካራ ሲባጎ ወይም የናይለን ገመድ። የሚለጠጥ ገመድ አይሆንም።

ትንሽ ክር፣ ቢላዋ ወይም መጋዝ፣ ከሰል፣ የተማሪ ማስመሪያ።

ማስመሪያ የሌለው ሰው አይቸገር። ዘንጉን በሦስት እኩል ቦታ በከሰል ይከፋፍለው። የሦስት ማዕዘኑ ገመድ ርዝመት የዘንጉ ሁለት ሦስተኛ ነው። ዘንጉ 3 እጅ ከሆነ ገመዱ 2 እጅ ነው ማለት ነው። ዘንጉ 30 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ገመዱ 20 ይሆናል። ዘንጉ 60 ሲሆን ገመዱ 40 ይሆናል። ዘንጉ 90 ሲሆን ገመዱ ስንት ይሆናል? ራሳችሁ አስሉት።

አሠራሩ

ሥራው ሦስት ሰው ይፈልጋል። ልጆቻችሁን ጥሩ፤ ጎረቤትም ጥሩ።

1. በመጀመሪያው ዘንግ ላይ ሀ፣ በሁለተኛው ላይ ለ፣ በሦስተኛው ላይ መ ብላችሁ ጻፉ። የእያንዳንዱን ዘንግ አንድ ጫፍ እግር፣ ሌላውን ጫፍ ራስ በሉት።

2. የሁሉንም ጫፎች አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ሰንጥቁ። እንጨቱ ከዚያ በላይ እንዳይተረተር ከስንጥቁ በታች በክር ጠምጥማችሁ እሰሩ።

3. ከገመዱ ሁለት ቀለበት ሥሩ። በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ በከሰል ምልክት አድርጉ። ቋጠሮ ገመዱን እንደሚያሳጥር አትርሱ። ቀለበቱ ከታሰረ በኋላ ዙሪያው በሙሉ 60 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት።

4. የመጀመሪያውን ቀለበት በሦስቱ እግሮች ስንጥቅ ውስጥ አስገቡ። በየስንጥቁ አንድ ምልክት ይግባ። ሁለተኛውን ቀለበት እንዲሁ በሦስቱ ራሶች ስንጥቅ ውስጥ አስገቡ። የዘንጎቹ ተራ ከታችም ከላይም ሀ፣ ለ፣ መ ይሁን። ገመዱ እንዳይንሸራተት ስንጥቁን በክር አጥብቁት። አሁን ከታች አንድ ሦስት ማዕዘን፣ ከላይ አንድ ሦስት ማዕዘን አላችሁ። ስድስት ገመድ ሆነ ማለት ነው።

5. የቀሩት ሦስት የጎን ገመዶች ናቸው። እያንዳንዳቸውን 50 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። አንዱን በሀ እግር እሰሩና ወደ ለ ራስ ውሰዱ። ሁለተኛውን በለ እግር እሰሩና ወደ መ ራስ ውሰዱ። ሦስተኛውን በመ እግር እሰሩና ወደ ሀ ራስ ውሰዱ። የእግሩን ቋጠሮ አጥብቁ። የራሱን ገና አትቋጥሩ፤ በስንጥቁ አሳልፋችሁ ጫፉን ያዙ።

6. አሁን አንዱ ሰው እግሮቹን መሬት ላይ ይያዝ። ሁለተኛው ሰው ራሶቹን በአንድነት ያዙር። ወደየት ያዙር? የለ ራስ ወደ ሀ እግር በላይ እንዲመጣ አድርጎ ያዙር። ሦስተኛው ሰው የጎን ገመዶቹን በየተራ፣ እኩል እኩል ይሳብ። ዘንጎቹ ወደ ጎን እየተኙ፣ በመካከል እየተላለፉ ይሄዳሉ።

7. ግማሽ ዙር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ገመዶቹ እንቢ ይላሉ። በዚያን ጊዜ የእያንዳንዱ የጎን ገመድ ርዝመት ወደ 21 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ሦስቱንም ትንሽ ትንሽ ጨምራችሁ ሳቡና ቋጥሩ። ከዚያም ሁላችሁም እጃችሁን አንሡ።

ቆመ? ቁመቱን ለኩት። 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በዘንጎቹ መካከል ብርሃን ይታያል። ይጠጋጋሉ እንጂ አይነካኩም። አንዱን ገመድ በጣታችሁ ምቱት። እንደ ክራር ድምፅ ከሰጠ በደንብ ተወጥሯል።

ባይቆምላችሁ አትናደዱ። አንዱ ወገን ካዘመመ፣ የጎን ገመዶቹ እኩል አይደሉም ማለት ነው። ዘንጎቹ ከተነካኩ፣ ከልክ በላይ ዞሯል ወይም እንጨቶቹ ወፍረዋል። ሁሉም ከላላ፣ የጎን ገመዶቹን ጨምራችሁ ሳቡ። ጭራሹን ከወደቀ፣ የጎን ገመዶቹን ተራ ሳትሳሳቱ አትቀሩም። ፊደሎቹን እያነበባችሁ መልሳችሁ እዩት።

ለምን ቆመ?

እያንዳንዱ ዘንግ ሁለት ጫፎቹን ለማራራቅ ይገፋል። እያንዳንዱ ገመድ ጫፎቹን ለማቀራረብ ይስባል። ግፊቱና ስበቱ እኩል ሲሆኑ ነገሩ ይጸናል።

የቆመውን ነገር ከላይ ይዛችሁ ትንሽ ወደፊት ለማዞር ሞክሩ። የጎን ገመዶቹ መርዘም ይፈልጋሉ። ወደኋላ ለመመለስ ሞክሩ። አሁንም መርዘም ይፈልጋሉ። ምክንያቱም የቆመበት ቦታ የጎን ገመዱ ከሁሉ ይልቅ የሚያጥርበት ቦታ ነው። ጥሩ ገመድ ደግሞ በቀላሉ አይረዝምም። ስለዚህ ወደፊትም ወደኋላም መሄጃ ያጣና ባለበት ይቆማል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። እዚህ ግን ድር ብቻውን አይበቃም። ድሩን የሚወጥር እንጨት ያስፈልገዋል። እንጨቱም ብቻውን አይበቃም። የሚይዘው ድር ያስፈልገዋል።

አሁን አንድ ደብተር በላዩ አስቀምጡ። ይሸከማል። ከዚያ ደብተሩን አንሡና ከዘጠኙ አንዱን ገመድ ቁረጡ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወድቃል። የዚህ አሠራር ጉዳቱ ይህ ነው። ትርፍ ገመድ የለውም። አንዱ ሲበጠስ የእሱን ሥራ የሚተካ ሌላ አይገኝም። ይህን አስታውሱ፤ ስለ ቤታችሁ ስንነጋገር ይጠቅመናል።

ይህን አሠራር ማን አስተዋወቀ?

እ.ኤ.አ. በ1948 ኬኔት ስኔልሰን የሚባል አሜሪካዊ ተማሪ እንጨቶች በገመድ ብቻ ተይዘው ሳይነካኩ እንዲቆሙ አድርጎ ሠራ። አስተማሪው በክሚንስተር ፉለር በኋላ ለዚህ ዓይነት ሥራ «ቴንሴግሪቲ» የሚል ስም አወጣለት። ስሙ ከሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት የተገጠመ ነው። በአማርኛ «ውጥረት» እና «ሙሉነት» እንደ ማለት ነው። ስኔልሰን እ.ኤ.አ. በ1968 ከአሉሚኒየም ቱቦና ከብረት ገመድ 18 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ማማ ሠርቷል። ማማው በዋሽንግተን ከተማ ይገኛል። በአውስትራሊያም በብሪዝበን ከተማ በዚሁ ዘዴ የታገዘ 470 ሜትር የሚረዝም የእግረኛ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2009 ተከፍቷል።

ሩቅ አገር ሳንሄድም የተወጠረ ገመድ የሰው ሕይወት ሲሸከም ያየንበት ቦታ አለ። ጎጃምንና ጎንደርን በሚያገናኘው በዓባይ ላይ ሰባራ ድልድይ የሚባል አለ። በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሰዎች ወገባቸውን በገመድ ታስረው፣ በዚህና በዚያ ማዶ በቆሙ ሰዎች እየተጎተቱ ይሻገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ፍንጣቂው በብረት ተጋጠመ። ይህንንም በኋላ ጎርፍ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2009 በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ድንጋይ መጫንን ይችላል፤ መወጠርን ግን አይችልም። ስለዚህ በገደሉ ላይ ረዥሙን ክፍት ቦታ ለመሻገር የተወጠረ ገመድ ተመረጠ።

አሁን ወደ ቤታችሁ

መጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። ጣራ ለምን ይበራል?

በሌላው ቀን ጣራው በክብደቱ ግድግዳውን ወደ ታች ይጫናል። ወራጁ በቋሚው ላይ ተቀምጧል። ሁሉም የተጫነ ስለሆነ ጥቂት ምስማር ይበቃዋል። ብርቱ ነፋስ ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በጣራው ላይ የሚያልፈው ነፋስ ቆርቆሮውን ወደ ላይ ይስበዋል። በተከፈተ በርና መስኮት የገባው ነፋስ ደግሞ ከሥር ይገፋዋል። ትናንት የተጫነው መገጣጠሚያ ዛሬ ተወጠረ ማለት ነው። ምስማር ደግሞ በገባበት አቅጣጫ ሲስቡት ይወጣል። ምስማር በጉጠት ነቅላችሁ ታውቃላችሁ። ነፋሱም የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን አድርጉ።

አንደኛ፦ እያንዳንዱን ወራጅ ከሥሩ ካለው ቋሚ ጋር በማሰሪያ ሽቦ ጠምጥማችሁ እሰሩ። ምስማሩ ይኑር፤ ሽቦው ግን ይጨመር። መወጠርን የሚችለው ሽቦው ነው።

ሁለተኛ፦ ቋሚው ራሱ ከመሬት እንዳይነቀል ጉድጓዱን ጥልቅ አድርጉ። አፈሩንና ድንጋዩን በደንብ ጠቅጥቁት። ጣራው ከቋሚው ጋር፣ ቋሚው ከመሬት ጋር ካልተያያዘ ሥራው ግማሽ ነው።

ሦስተኛ፦ በማዕዘን ማዕዘኑ ሰያፍ እንጨት ምቱ። ለምን እንደሆነ ለማየት አራት ትናንሽ እንጨቶችን አራት ማዕዘን አድርጋችሁ በክር እሰሩ። ገፋ ስታደርጉት ያዘማል። ሦስት እንጨቶችን ሦስት ማዕዘን አድርጋችሁ እሰሩ። አያዘምም። ሰያፍ አራት ማዕዘኑን ወደ ሁለት ሦስት ማዕዘን ይለውጠዋል። ለበረትም፣ ለጎተራም፣ ለሕንፃ መወጣጫም ይኸው ነው።

አራተኛ፦ በአንድ ማሰሪያ ብቻ አትተማመኑ። አንድ ገመድ ተቆርጦ ዘንጎቹ ሁሉ ሲወድቁ አይታችኋል። ቤት መጫወቻ አይደለም። አንዱ ማሰሪያ ቢበጠስ ሌላው እንዲይዝ ደርባችሁ እሰሩ።

አምስተኛ፦ ክረምት ከመግባቱ በፊት ማሰሪያውን ሁሉ ዞራችሁ እዩ። ልጥና ቃጫ በርጥበት ይበሰብሳል። ሽቦ ይዝጋል። ሲባጎ ይላላል። የላላ ገመድ ከሌለ ገመድ አይሻልም። የተበላሸውን ለውጡ፤ የላላውን አጥብቁ።

የሱሉልታ ገበሬ ድርቆሹን ከምሮ ነፋስ እንዳይበትንበት በላዩ ገመድ ጥሎ፣ በገመዱ ጫፍና ጫፍ ድንጋይ ሲያስር ይህንኑ ሥራ መሥራቱ ነው። ለድርቆሹ ያወቀበትን ለጣራውም ያውቅበታል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

መልሱን ከጽሑፉ ፈልጋችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።

1. ገመድ የሚችለው ሥራ የትኛው ነው? የማይችለውስ?
2. ረዥምና ቀጭን እንጨት ሲጫን ምን ይሆናል?
3. ዘንጉ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የሦስት ማዕዘኑ ገመድ ስንት ይሆናል? የጎኑስ ገመድ?
4. ከዘጠኙ ገመዶች አንዱ ቢበጠስ ምን ይሆናል? ለምን?
5. በነፋስ ጊዜ ምስማር ብቻውን ጣራን የማይዘው ለምንድን ነው?
6. በቤታችሁ ውስጥ ሦስት የተጫኑ ነገሮችና ሦስት የተወጠሩ ነገሮች ፈልጋችሁ ስማቸውን ጻፉ።

ዘንጎቹን ሠርታችሁ ስትጨርሱ አትጣሉት። ሁሉም እንዲያየው በቤታችሁ መደብ ላይ አስቀምጡት። ነፋስ በተነሣ ቁጥር እሱን እያያችሁ፣ ቀና ብላችሁ ደግሞ የጣራችሁን ማሰሪያ እዩ።